በጽጌ ቁጥር የተከፈተው በር

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር የምናዘዘው ሐሜቱን፣ ቁጣውን ነው፤ ይኼኛውን እዘለዋለሁ።

ጓደኛዬ ጽጌ እዚህ ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ውስጥ አንድ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሽማግሌ ታስታምም ነበር። የቤቱ በር የሚከፈተው በቁጥር ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ቁጥር አለው። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ በሩ ክፍት መቆየቱ ሳይቀር ሴት ልጃቸው ስልክ ላይ ይመዘገባል። እኛ ሮም ያለን ሐበሾች ግን ሥራም እንዋዋሳለን። አንዷ ለቅሶ ስትሄድ ሌላዋ ትተካለች፤ አሠሪ አይሰማም። ያን ቀን ጽጌ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ለቅሶ ነበረባት፤ ቁጥሯን ሰጥታኝ ሄደች።

እኔ ምን አደረግሁ? ያኔ የምወደው ሰው ከታች ሆኖ ደወለልኝ። በሩን ዘግቼ ወጥቼ ብመለስ ይመዘገባል፤ ልጅቷም ጽጌን ልትጠይቃት ነው። ክፍት መቆየቱም እንደሚመዘገብ ያኔ አላወቅሁም፤ ብልጥ ነኝ ብዬ በሩን በጫማ ደግፌ ወረድኩ። ስቄ፣ ተጫውቼ ስመለስ ሽማግሌው ደረጃው ላይ ወድቀው ያቃስታሉ፤ ጎረቤቶች ከበዋቸዋል። እኔ እንደማላውቃቸው ዞሬ ወረድኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ ዞሬ የወረድኩት። ከትራሙ ማቆሚያ ለጽጌ ደወልኩና ቆሻሻ ልጥል ወርጄ ሳለሁ ነው የወደቁት ብዬ ዋሸኋት። ጥቁር ሻሿን እንኳ ሳትፈታ እየሮጠች ደረሰች።

ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር። ልጅቷ ያመጣችው ባለሙያ የበሩን መዝገብ አንድ በአንድ አወጣው፤ በጽጌ ቁጥር ተገብቷል፣ ኋላም በሩ ክፍት ቀርቷል። መዝገቡ አልዋሸም። ቁጥሩን የነካው የማን ጣት እንደሆነ ግን በምን ይወቅ? ሽማግሌውም አይመሰክሩም፤ የምታስታምማቸውን ሁሉ የሚጠሩት በሟች ሚስታቸው ስም ነው።

ጽጌ ስሜን ብታነሳ ኖሮ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር። አላነሳችም።

«አሎራ፣ እንግዲህ አንቺ የመኖሪያ ፔርሜሶ የለሽም፤ ያባርሩሻል። እኔ ሥራ አላጣም» አለችኝ።

አጣች። ሽማግሌ የጣለች አስታማሚ ማን ይቀጥራል? ኮንትራት ከሌለ ደግሞ ፔርሜሶ አይታደስም፤ የሷም ሳይታደስ ቀረ። ዛሬ ያለወረቀት ሰው ጓዳ ሰሃን ታጥባለች።

የኔው ፔርሜሶ ግን ኋላ ወጣ። ያኔ ለልጅቷ «እኔ ነኝ» ብላት ማንም አያባርረኝም ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ ሽማግሌው ሞቱ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ የምፈራው ነገር ፔርሜሶዬን የተቀበልኩ ቀን አብቅቷል።

ያን ቀን ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችልኝ ጽጌ ናት። እስከ ዛሬ ቆሻሻ ልጥል የወረድኩ ይመስላታል። ይቅርታ የሚገባት እሷ ናት፤ እኔ ግን ይኸው ለእናንተ እናገራለሁ።