እትፍ እትፍ የተባለባት ሚሞሪ

ሰው ሌባ ይፈራል፣ ውሻ ይፈራል። እኔ የምፈራው ሚሞሪ ካርድ ነው። ሰርግና ዶክመንተሪ በመቅረጽ የምተዳደር ሴት ነኝ፤ ከጥፍር ትንሽ ከፍ የምትል ያቺ ፕላስቲክ የሰው ቀን ውጣ ጭጭ ማለት እንደምትችል አውቃለሁ። አንድ የሙያ ባልደረባዬ ቀኑን ሙሉ የቀረጸውን ሰርግ ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ግማሹ ተቆራርጦ፣ ግማሹ ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ከዚያ ወዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሬ፤ ሳልሞክረው ለሥራ የምወስደው ካርድ የለም።

አሞካከሬ ቀላል ነው። ጥራቱን ካሜራው እስከቻለው ድረስ ከፍ አድርጌ፣ ጀሞ ካለው ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ የታክሲውን ሰልፍ እቀርጻለሁ። ካርዱ ጢም እስኪል አላቆምም። ከዚያ ቁጭ ብዬ እስከ መጨረሻው አየዋለሁ። ማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፍጥነት የሚያነብበት ነው፤ ለእኛ የሚጠቅመን ግን ሳያቋርጥ የሚጽፍበት ነው፣ እሱ ደግሞ ከተጻፈም በደቃቁ ነው። ፎርጅዱ ሁለቱንም በሚያምር ፊደል ይዋሻል። ስለዚህ ጽሑፍ አላምንም፣ ሰልፍ እቀርጻለሁ። ጎረቤቶቼ ተራ አስከባሪ ልሆን የምዘጋጅ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ያን ሰሞን ግን ፍርሃቴ የእንጀራ ፍርሃት አልነበረም። አባዬ ጉሮሮው ላይ ዕጢ ተገኘበት። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ሕይወቱን እንደሚያተርፍለት፣ ድምፁን ግን ይዞ እንደሚሄድ ነገረን። አባዬ አላለቀሰም። «እንግዲያው ሰርጉን ቶሎ አድርጉልኝ፤ ልጄን ሳልመርቅ አፌ አይዘጋም» አለ። የታናሽ እህቴ ሰርግ ከቀዶ ጥገናው በፊት እንዲሆን ተወሰነ። ድንኳኑ የተተከለው ላፍቶ፣ ከአያቶቻችን እርሻ በተረፈችው ግቢ ውስጥ ነው።

እኔም ትልቁን ካሜራ ተከራየሁ። አባዬ በራሱ ድምፅ የሚመርቀው የመጨረሻ ምርቃት ነውና የፊቱ መስመር ሁሉ፣ ትንፋሹ ሁሉ እንዲቀርልን ፈለግሁ። ድምፁ ያኔውኑ ስለሳሳ በእልልታ መሃል ስልክ አይዘውም። የምትይዘው ጋቢው ጠርዝ ላይ የምሰካት ትንሽ ማይክ ናት፤ እሷ የያዘችው ደግሞ በቀጥታ ካሜራው ውስጥ ወዳለችው ካርድ ነው የሚገባው። ካሜራው የሚቀበለው አንድ ካርድ ብቻ ነው።

ሁለት ገዛሁ። ሻጩ «በእናቴ ኦርጅናል ነው፣ እህቴ!» ብሎ ማለልኝ፤ እኔ ግን እናቱን አላውቃቸውም። አንደኛዋን በረንዳው ላይ ሞከርኳት። እስክትሞላ ድረስ ጻፈች፣ አንድም ስዕል አልጣለችም። ሁለተኛዋን ልጀምር ስል የካሜራው ባትሪ አለቀ፤ ቻርጅ እንዳላደርግ ደግሞ መብራት ጠፋ። መብራቱ የተመለሰው የሰርጉ ዕለት ንጋት ላይ ስለሆነ ሳትሞከር ቀረች።

በሰርጉ ጠዋት የድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ የተሞከረችውን ካርድ ሳገላብጥ አባዬ መጣ።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ አመድ የመሰለው?»

«ይቺን ፈርቼ ነው፣ አባዬ። ድምፅህ እዚች ውስጥ ነው የሚገባው። ከከዳችኝ አለቀልኝ።»

«አምጪያት እስቲ።»

ሰጠሁት። መዳፉ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። «አደራ የማትበዪ ሁኚ፤ ልጄን እንዳታሳፍሪያት» አላት። ቀጥሎ እንደ አባቶቹ ወግ ጎንበስ ብሎ «እትፍ! እትፍ!» አለባት። የምር ምራቅ ነው፤ ያረፈውም ካሜራው ጋር በሚያገናኟት ወርቃማ ጥርሶቿ ላይ ነው።

ክው አልኩ። ፍቅሩ አንጀቴን በላው፣ ምራቁ ቀልቤን ገፈፈው። ፊቱ ቆሜ መጥረግ ምርቃቱን መጥረግ ይሆንብኛል። እጅ ነስቼ ተቀበልኩትና ከድንኳኑ ጀርባ ሮጥኩ። በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኳት፣ አራገብኳት፣ ፀሐይ ላይ ያዝኳት። የሙሽራው መኪናዎች ጥሩንባ ከመንገዱ ይሰማ ጀመር።

በአንድ እጄ የተሞከረችውና የረጠበችው፣ በሌላው ደረቋና ያልተሞከረችው። እርጥብ ነገር ካሜራ ውስጥ መክተት እብደት ነው፤ ካሜራው ደግሞ የሰው ነው። ደረቋን ግን አላውቃትም፤ በምርቃቱ መሃል ብትቆም አባዬን «ድገመው» የምልበት አፍ የለኝም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ? ጥርሶቿን አንድ በአንድ በሶፍት አድርቄ ከተትኳት። ካሜራው ተቀበላት። ያ ምንም ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፎርጅዱንም ይቀበላል።

እህቴና ሙሽራው ተንበርክከው የአባዬን ጉልበት ሳሙ። መመረቅ ጀመረ፣ ሰዉም «አሜን! አሜን!» ይላል። እኔ አንዱንም አልሰማሁም። የማየው ቀይዋን ነጥብና የሚሮጠውን ሰዓት ብቻ ነው። ነጥቧ ብልጭ ባለች ቁጥር የጠፋች ይመስለኛል። አንዴ ስዕሉ ቀጥ ያለ መሰለኝ፤ ለካ ሳል ይዞት አባዬ ነው ያቆመው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ የሆነ ነገር ተናገረ። ሰዉም ዞሮ አየኝ። እኔ ፎከሱ አለመልቀቁን አየሁ።

ሲያበቃ ካርዷን እናቶቻችን ብር እንደሚሸጉጡት ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኳት። ቤት ገብቼ ሁለት ቦታ ገለበጥኳት፤ መጀመሪያዋንና መጨረሻዋን ነካ ነካ አድርጌ አየሁና ተውኩት። እስከ መጨረሻው የማየት ሕጌን ያን ጊዜ ብቻ አፈረስኩ። መሃሉ ባዶ ቢሆንስ? እስካላየሁት ድረስ አልጠፋም አልኩ።

አባዬ ከሆስፒታል ወጥቶ እኔ ዘንድ አረፈ። አንገቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩን በጣቱ አሳየኝ። ያልገባኝ ለመምሰል ሞከርኩ። ደግሞ አሳየኝ። ከፈትኩለት።

ሁሉም ነበር። ትንፋሹ ሳይቀር ነበር። አባዬ የራሱን ድምፅ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ሳሉ መጣ፣ አለፈ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው አባዬ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺም፣ ከዚያ ዕቃ ኋላ የተደበቅሽው! ፍርሃትሽን ከላይሽ ያንሳልሽ። ሲጨንቅሽ ድምፄን ስሚው።»

ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ሰው ሁሉ እኔን እየጠበቀ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቀይዋን ነጥብ እያየሁ ነበር።

አባዬ እጁን ዘርግቶ ቪዲዮውን አቆመው። ዞሮ አየኝ። ቅንድቡን አንስቶ ጉልበቴን መታ መታ አደረገ፣ ጠበቀኝም።

«አሜን» አልኩት።

እሱም መልሶ አስጀመረው።