ትቶኝ ተራራ የወጣው ጓደኛዬ

የድሬዳዋን ደቻቱ ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር ለመድረስ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ተራራ ላይ ግን ማን ይችለኛል! አሸዋ ገበያ አንድ የልባሽ ጫማ ሻጭ ዕቃውን የደረደረበትን አሮጌ የጋራ ሙለታ ተራራ ካርታ ለምኜ ከገዛሁት ወዲህ፣ በአመልካች ጣቴ ያልወጣሁት ዳገት የለም።

ያልሞከረው ሰው አይገባውም። ቡናማዎቹ መስመሮች ሲራራቁ ሜዳ ነው፣ ትንፋሽህ ይመለሳል። ሲጠጋጉ ዳገት ነው፤ ሲደራረቡ ደግሞ ገደል፣ እዚያ ላይ ጣትም ይፈራል። በነጠብጣብ የተሰመረች የእግር መንገድ ከወንዝ ትነሳና፣ ስሙ ግማሹ በተፋቀ ምንጭ አጠገብ አልፋ፣ ወዴት እንደምትሄድ ሳትናገር እጥፍ ትላለች። ተከትለሃት ካልሄድክ እንቅልፍ የለም።

የጉዞ ጓደኛዬ መጋላ ጨርቅ የሚሸጥ እኩያዬ ነው። ከቀትር በኋላ፣ ድሬ በሙቀት ስትቀልጥና ገበያተኛ ሲጠፋ፣ ሱቁ ውስጥ ካርታውን ምንጣፍ ላይ ዘርግተን፣ በጎን ተጋድመን እንወጣለን። ወንዝ ስንሻገር ሽርጡን ሰብሰብ ያደርጋል። አልስቅበትም፤ እኔም ሱሪዬን ጠቅልያለሁ።

አንድ ቀን ምንጩ ጋ ደርሰን ሰፈርን። በማግስቱ እኔ ለለቅሶ ሐረር ሄድኩ። ስመለስ ጓደኛዬ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ።

«አቦ፣ ጫፉ ላይ ወጣሁልህ! ምን የመሰለ ሜዳ አለ መሰለህ!»

«ብቻህን?»

«ገበያ አልነበረማ። ትንሽ ልሂድ ብዬ ስጀምር ጣቴ አልቆም አለ።»

ካርታዬን ጠቅልዬ ወጣሁ። ባለቤቴ ነገሩን ስትሰማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ተጋድማችሁ ለምትወጡት ተራራ ነው የተኳረፋችሁት?» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። ከሰዓት በኋላው ያለ እሱ አልገፋ አለኝ፤ ካርታውንም ብቻዬን ስዘረጋው ወረቀት ሆነብኝ። ልታረቀው ቸኩያለሁ። ግን ያለ ሽማግሌ እንዴት ተደርጎ? ክብር አለኝ!

ሁለት ሽማግሌዎች ሱቁ ውስጥ ተቀመጡልን፤ አንዱ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ፣ ሌላው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ። ካርታውን ሲያዩ የመሬት ክርክር መስሏቸው የወሰኑ ድንጋይ የት እንደሆነ ጠየቁ። ጉዳዩ ሲገባቸው ልብስ ሰፊው ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የባቡር ነጂው ግን ፊቱን አልፈታም።

«አብሮ የተሳፈረን ጥሎ መሄድ ነውር ነው» ብሎ ፈረደ። «ውረድና ምንጩ ጋ ጠብቀው።»

«በየት በኩል ልውረድ?» አለ ጓደኛዬ። «በወጣሁበት ከሆነ ጉልበቴ አይችልም።»

«በወጣህበት!» አለ የባቡር ነጂው።

ጓደኛዬ እያቃሰተ፣ ጣቱን እያንፏቀቀ ወረደ። ምንጩ ጋ ሲደርስ እዚያ ካኖርኩት ጣቴ ጎን አሳረፈው። «በል ጌታው፣ አሁን አንተ ምራ። ስለ ላዩ አንድ ቃል ትንፍሽ አልልም፣ ወላሂ።»

ደስታዬን እንዳያዩብኝ አጎንብሼ መራሁ። ነጠብጣቧን የተከተልኩ መስሎኝ በኩራት ወደ ግራ ታጠፍኩ። እሱ ከንፈሩን ነክሶ ይከተለኛል። መነጽሬን ሳስተካክል ጣቴ የካርታውን ጠርዝ አልፎ ምንጣፉ ላይ ነው። የጓደኛዬም ጣት ቃሉን ጠብቆ፣ ከኋላዬ ምንጣፉ ላይ ቆሟል።

«ምነው፣ ደረስን እንዴ?» አለኝ።