ክራቫት ያሰሩት በሽተኛ

ከጎኔ የተኙት ሽማግሌ በሆስፒታሉ ፒጃማ ላይ ክራቫት ያስራሉ። ኪሳቸው ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ አለ፤ ግርጌያቸው ላይ የሚንጠለጠለውን ካርድ እያነሱ የነርሶቹን የፊደል ስህተት ያርሙበታል። የሚያናድዳቸው አያጡም፤ ሾርባው፣ በሩ፣ የእኔ ሳል።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ተማሪዎቹን አስከትሎ መጣና ራስጌያቸው ቆሞ “ማሊግነንት” ብሎ አንሾካሾከላቸው። ወደ ሽማግሌው ዞሮ ግን “አባባ፣ ትንሽ ቁስለት ናት” አላቸው።

ሽማግሌው ቱግ አሉ።

“ሥሩ ላቲን ነው! ማሊግኑስ፣ ማሊግና፣ ማሊግኑም፤ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለግዑዝ! ክፉ ሆኖ የተወለደ ማለት ነው፤ ካንሰር! ሠላሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ! የገዛ ሞቴን ከእኔ ደብቃችሁ ለማን ልትነግሩት ነው?”

ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ከሰዓት ልጃቸው ከሥራ በቀጥታ መጣችና መጀመሪያ ካርዱን አነሳች። አንዱ ቃል በቀይ እስክሪብቶ እስኪጠፋ ድረስ ተሰርዟል።

“አባዬ፣ ምን አሉህ?”

“ጨጓራ ነው አሉ” አሏት ክራቫታቸውን እያጠበቁ። “እሱንም አስተካክለው መጻፍ አቅቷቸው እኔ ሰረዝኩት።”

ከዚያ በትከሻዋ በኩል፣ ትንፍሽ ብትል ወየውልህ በሚል ዓይን፣ አፈጠጡብኝ።