ጀርባዋ ያየው ግንብ

ጌጤን «ጎንደርን አይተሻል ወይ?» ብሎ የጠየቃት ሰው ሁለተኛ አይጠይቃትም። «ከተማውን በዓይኔ፣ ግንቡን በጀርባዬ አይቼዋለሁ» ትላለች። ከዚያ እንዝርቷን አስቀምጣ ነገሩን ከሥሩ ትጀምረዋለች፤ ሰሚው ገበያ ቢረፍድበት የራሱ ጉዳይ ነው።

ጌጤ የደብረ ታቦር ፈታይ ናት። ጥጡን ራሷ ዳምጣ ፍሬውን ትለያለች፣ ራሷ በደጋን ትነድፋለች፣ የተነደፈውን ባዘቶም ራሷ ትጠቀልላለች። የድሩን ክር ጠበቅ፣ የማጉን ላላ አድርጋ ታከረዋለች። ክሩ መሐል ላይ ከጎረበጣት እንደ ሌላው በጣቷ አሽታ አታልፈውም፤ በጥሳ እንደገና ትጀምራለች። ባሏ እሸቴ ኮርቻ ሠሪ ነው። እጁ የተመሰከረለት ነው፤ ጠባዩ ግን የሚስቱ ተቃራኒ ነው። ደንበኛ የማይረባ ነገር ቢያዘው እንኳ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ሠርቶ ይሰጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ሲኖሩ እሷ «አይሆንም» እያለች፣ እሱ «እሺ ጌታዬ» እያለ ቤቱ ቆሟል።

ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ደምሴና እመቤቴ። ደምሴ ጣሊያን በገባ በዓመቱ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ጎረቤት ሲጠይቅ «ለንግድ ጎጃም ወርዷል» ይባላል። ጎረቤትም «በሰላም ይመልሰው» ይላል፤ ልጁ ጠመንጃ ይዞ ከጉና አርበኞች ጋር እንደሆነ ግን የማያውቅ የለም። በ1930 ክረምት ሞተ ተብሎ ተወራ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ፊታቸው አውጥተው ለልቅሶ ግቢዋ ደረሱ። ጌጤ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«ሬሳ አላየሁም። ሬሳውን ያየ ሰውም አላየሁም። ነጠላችሁን አስተካክላችሁ ልበሱና ግቡ፤ ጠላ አለ» አለቻቸው።

ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ብላ ቆየች። እሷ ካልዘቀዘቀች ሌላው አይዘቀዝቅም። እናት ነጠላዋን ዘቀዘቀች ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ልቅሶ ይቀመጣል፣ ካህን ፍትሐት ይጀምራል፣ ለደምሴ የታጨችውን ልጅ አባቷ ለሌላ ይድራታል። የሆሳዕና ሰሞን ከጉና በኩል የመጣች ገብስ ሻጭ እህሉን ስትሰፍርላት ጎንበስ አለችና «ልጅሽ ደኅና ነው፤ የቆሰለው እግሩም ድኗል» አለቻት። ጌጤ ቤቷ ገብታ ሳጥኑን ከፈተች። ለደምሴ ሠርግ ብላ የፈተለችውን ባለ ቀይ ጥለት ነጠላ አወጣችና ለፋሲካ ለበሰችው።

ፋሲካ በ1931 ዓ.ም. ሚያዝያ አንድ ቀን ዋለ። እስከ ዳግም ትንሣኤ እንዝርት አይነካም፣ ወስፌም አይያዝም። እሸቴ የካሚዮን ወንበር ቆዳ የሰፋለት አንድ ሾፌር «ማክሰኞ ባዶዬን ጎንደር እሄዳለሁ፣ ዓርብ እመለሳለሁ፤ ከፈለጋችሁ ውጡ» ብሎት ነበር። እመቤቴ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ለመጪው ጥር ልትዳር ነው። «ሰው ቤት ሳልገባ የፋሲልን ግንብ ልይ» ስትል ከርማለች። ጌጤም ከወረታ ወዲያ አልፋ አታውቅም። እሸቴ ተሰልፎ ለሦስቱም የይለፍ ወረቀት አወጣ፤ ያለዚያ ወረቀት በየኬላው ማለፍ የለም።

መንገዱን ጌጤ አትማረርበትም። ካሚዮኑ ያንገጫግጫል፣ አቧራው ዓይን ያጠፋል፣ ከወረታ በኋላ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ ይህ ሁሉ ያለ ነው ትላለች። የሚያንገበግባት ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጎንደር የእሸቴ አክስት ልጅ ቤት አደሩ። ረቡዕ ከተማውን ሊያዩ ወጡ፤ አዲሱ መንገድ ላይ አንድ ዘበኛ «በዚያ በኩል ሂዱ፤ ይኼ የነጭ ነው» ብሎ ወደ ቦዩ ዳር ገፋቸው። ሱቅ በር ላይ የተሰቀለ አቡጀዲ አይታ በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችው፤ ባለሱቁ በዱላ እጇን መታት።

«ምን አለሽ?» አላት እሸቴ።

«እሱስ ምንም አላለኝም። ጨርቁ ግን ሁለት እጥበት አይችልም» አለች።

ሐሙስ ወደ ግንቡ ሄዱ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ያገራቸው ሰው ነው፤ ጠመንጃውን አግድም ይዞ ቆሟል።

«ክልክል ነው።»

«ለማን?» አለች ጌጤ።

«ላገሬው ሰው።»

«አሃ። ያሠሩት ነገሥታት የጣሊያን ዘመዶች ነበሩ?»

እሸቴ ክንዷን ያዝ አደረጋት። በዚህ መሐል ኮት የለበሰ ወጣት ከውስጥ መጣ። ከበስተኋላው ፀጉሩ የሳሳ ፈረንጅ ቆሞ የጌጤን ነጠላ ከላይ እስከ ታች ያያል።

«እንደምን ዋላችሁ? አያሌው እባላለሁ፤ የዚህ ፎቶ አንሺ አስተርጓሚ ነኝ። ፎቶ ልትነሡ ከፈቀዳችሁ ያስገባችኋል። ወረቀታችሁን ስጡኝ፤ ስትወጡ ትወስዱታላችሁ።»

እሸቴ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ሦስቱንም ወረቀት ሰጠው።

ጌጤ ፎቶ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ደብረ ታቦር ገበያው ዳር ያለው የጣሊያን ሱቅ ግድግዳው በፎቶ የተሞላ ነው፤ እነሱን ያመጣው ሾፌር ራሱ ነው ከጎንደር የሚያመጣው። ገበያተኛው ጨው ሊገዛ ገብቶ ፎቶ ሲያይ ይውላል። አንዱ የጠፋ የአጎቱን ልጅ እዚያ ግድግዳ ላይ አግኝቶት ያውቃል። ፎቶ መነሣቱ አልከበዳትም። እንዲያውም ደምሴ ያለበት ድረስ ወሬው ቢደርስ፣ እናትህ ቀይ ጥለት ለብሳ ጎንደር ታየች ቢሉት፣ ደስ ይለዋል ብላ አሰበች።

ገቡ። ግንቡ ፊት ለፊት ድቅን አለ። ጌጤ አንገቷን አቅንታ ከላዩ ልትጀምር ስትል ፈረንጁ ትከሻዋን ይዞ አዞራት። ሦስቱንም ጀርባቸውን ለግንቡ ሰጥተው አቆማቸው፤ እሱ ባለ ሦስት እግር የፎቶ ሳጥኑን ይዞ ፊት ለፊታቸው ተተከለ። እነሱ የሚያዩት እሱን ነው፤ ግንቡን የሚያየው እሱ ነው።

«እምዬ፣ ደረጃውን መቼ ነው የምንወጣው?» አለች እመቤቴ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ፤ መጀመሪያ የዚህን ሰውዬ ጉዳይ እንጨርስለት።»

ፈረንጁ በሳጥኑ አየና ራሱን ነቀነቀ። መጣ፤ ባሏ አጠገቧ ቆሞ ሳለ፣ ሳይጠይቅ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈው። ገለበጠና መልሶ አለበሳት። ጥለቱ ጉንጯን ነካት።

ጌጤ እንደተቃጠለ ሰው ነጠላውን አወረደችው።

«ምን እያደረገ ነው?»

«ቀዩ ፊትዎ አጠገብ ሲሆን ያምራል ነው የሚለው፣ እትዬ» አለ አያሌው።

«ይህ የልቅሶ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፤ እሱ ነው የማያውቀው።»

«ንገረዋ።»

አያሌው ነገረው። ፈረንጁ ዓይኑን ከሳጥኑ ሳያነሣ መለሰ።

«ማን ሞቶባታል ይላል።»

«ማንም።»

«ማንም ካልሞተባት ምን አስፈራት ይላል። ደግሞ…» አያሌው ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ወንድ ልጅ አላት ወይ፣ ካላትስ የት ነው ብሎ ጠይቋል።»

ጌጤ ነገሩን በልቧ መዘነችው። ልጄ በሕይወት ስላለ ነው ብትል የት አለ ይላታል። የት አለ ካላት ጉና አለ አትልም። በዓለም ላይ ያላት አንድ ምክንያት እሱ ነው፤ እሱን ደግሞ አፏ ላይ ልታመጣው አትችልም።

«ለንግድ ጎጃም ወርዷል በለው» አለ እሸቴ ቶሎ ብሎ። ቀጥሎም ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ «ጌጤ፣ ጨርቅ ነው። ወረቀታችን እነሱ ጋ ነው፣ ካሚዮኑ ነገ ጧት ይነሣል። ቁሚለትና እንሂድ።»

«ጨርቅ ነው?» አለች፤ ድምፅዋ ከጥርሷ መሐል ነው የሚወጣው። «ሱቁ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍስ? ገበያው ሁሉ ጌጤ ዘቀዘቀች ሲልስ? ካህኑ ለቆመ ሰው ፍትሐት ሲጀምሩ አንቱ ነዎት የሚያስቆሟቸው? የታጨችለትን ልጅስ ከሌላ ሰው ቤት አንቱ ነዎት የሚያመጧት?»

ጌጤ ወደ አያሌው ዞረች።

«አንተ የየት አገር ልጅ ነህ?»

«የአንበሳሜ።»

«እናትህ አሉ?»

«አሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እንግዲያው አንተ ዘቅዝቀህ ቁምለት። ጥለት ባይኖርህም ኮትህን ገልብጠህ ብትለብሰው ቀይ ገበር አለው።»

አያሌው ጫማውን አየ። «እትዬ፣ እኔ እንጀራዬ ነው» አለ።

«እሱስ አያውቅም፤ አላዋቂ ነው። አንተ ግን አውቀህ ነው።»

ፈረንጁ ፀሐይዋን እያየ ጣቱን አጮኸ። እንደገና መጣ። እንደገና ነጠላዋን ገለበጠ፤ በዚህኛው ጊዜ እንዳታወርደው እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ ጫን አደረገ። እመቤቴ ማልቀስ ጀመረች።

እሸቴ የሰውዬውን እጅ አየ። ሚስቱን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና «እሺ ጌታዬ፣ እኔ ላስተካክልላት» አለ። አያሌው ተረጎመለት። ፈረንጁ ደስ ብሎት እጁን አነሣና ወደ ሳጥኑ ተመለሰ።

እሸቴ ከወገቡ የቆዳ መቁረጫ ካራውን መዘዘ።

ጌጤ አንድ ቃል አልጠየቀችውም። ነጠላውን አወረደች፣ ከጥለቱ በላይ አንዲት የማግ ክር በጥፍሯ ለየችና ሳበቻት። ክሯ ተመዛ ስትወጣ ሸማው ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መንገድ ቀረ። እሸቴ በዚያ መንገድ ላይ ካራውን አስኬደ። ቀዩ ጥለት እንደ ኮርቻ ጠፍር ሳይዛነፍ ተለየ። ነጠላውን አዙረው ሌላውንም ጫፍ እንዲሁ አደረጉት። የአንድ ክረምትና የአንድ በጋ ፈትል ነበር። ጌጤ ጥለቱን ጠቅልላ ጡቷ ሥር ወሸቀችና የቀረውን ነጭ ሸማ ለበሰች። እንግዲህ ቢገለብጡትም ቢያቃኑትም ያው ነው።

ፈረንጁ ከሳጥኑ ቀና ሲል አፉ ተከፈተ። ብዙ ተናገረ።

«ምን አለ?» አለች ጌጤ።

«ለምን አበላሻችሁት ነው የሚለው።»

«የራሳችንን ነው በለው።»

አያሌው ይህን ይንገረው አይንገረው አይታወቅም። ፈረንጁ ሳጥኑን በጨርቅ ሸፈነ፣ በእጁ ወደ በሩ አመለከተ። ነጭ ጨርቅ በየሜዳው ሞልቶታል፤ ለነጭ ጨርቅ ሳጥኑን አይከፍትም። ጌጤ ስትወጣ አሁን እንኳ ግንቡን ልይ ብላ ዞረች፤ ዘበኛው በጠመንጃው አግድም እየገፋ አስወጣቸው። በሩ ላይ አያሌው ሦስቱን ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ሰጣት። አንገቱን እንደደፋ ቀረ።

«እናትህን ሰላም በልልኝ» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

ዓርብ ወደ ማታ ደብረ ታቦር ገቡ። እመቤቴ መንገዱን ሙሉ ኮርፋ «አንዲት ደረጃ እንኳ» ስትል መጣች፤ ጌጤም አልተቆጣቻትም፣ እውነቷን ነው። ለዳግም ትንሣኤ ጥለት በሌለው ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሴቶቹ ጥለቱ የት ሄደ ብለው ከበቧት። ቀዩ ጥለት ግን እዚያ አልነበረም። ቅዳሜ በገብስ ሻጯ እጅ ወደ ጉና ወጥቶ ነበር። ግንቦት ሲጋመስ መልሱ መጣ፦ ልጁ ራሱ ላይ አስሮታል።

በሰኔ መጀመሪያ ጌጤ ጨው ልትገዛ ወደ ጣሊያኑ ሱቅ ገባች። ግድግዳው ላይ አዲስ ፎቶ አለ። ከበስተኋላ ግንቡ ነው፤ ከፊት በሷ ዕድሜ ያለች ሴት ቆማለች፤ ነጠላዋ ተዘቅዝቆ ጥለቱ ጉንጯ ላይ ነው። ገበያተኛው ከንፈሩን ይመጥጣል።

«ምስኪን፣ ማን ሞቶባት ይሆን?» አለ አንዱ።

«ማንም አልሞተባትም» አለች ጌጤ ጮክ ብላ። «ፎቶ አንሺው ነው የገለበጠባት። ወረቀቷን ይዘውባት ነው። እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ስትገቡ ይህን ተናገሩ።»

ባለሱቁ ጨውሽን ይዘሽ ውጪ አላት። ጨውዋን ይዛ ወጣች፤ ወጥታም ወደ ቤቷ አልሄደችም። ካሚዮኑ የሚቆምበት ድረስ ሄዳ ሾፌሩን ከወንበሩ አስወረደችው።

«ግድግዳው ላይ ያለችውን ሴት ያመጣሃት አንተ ነህ። ጎንደር ስትመለስ የማን እናት እንደሆነች ጠይቀህ ትነግረኛለህ። ሩቅ አገር ያለ ልጇ እዚህ መጥቶ አይቷት እንዳይደነግጥ፣ ወይ ዘመዶቿ አይተው ልቅሶ እንዳይቀመጡ ሰው እልካለሁ።»

«እትዬ፣ ጎንደር ስንት ሺ ሴት አለ፤ በምን አውቃታለሁ?»

«ፊቷን አይተሃል፤ አንተው ነህ ያመጣሃት። የወንበርህ ቆዳ ደግሞ በመጪው ክረምት ይቀደዳል፤ ያኔ ማን ጋ እንደምትመጣ አስብ» አለችና ጨውዋን አንከብክባ ሄደች።