ከጭጋግ የሚመጣው ሰው

እርጥበት የገባው መጽሐፍ ሽታ እስከ ዛሬ ሆዴን ያባባዋል። ባለፈው ሳምንት መቱ መናኸሪያ አጠገብ፣ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ዝናብ ተጠልዬ ሳለሁ ሳላስበው አንዱን አንስቼ ገለጥኩት። ሻጩ ፊቴን አይቶ «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለኝ። ደህና ነኝ ብዬ ወደ ዝናቡ ዞርኩ።

ምን ልንገርሽ፣ ያኔ እኔና ጓደኛዬ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን። እሷ ከመቱ ወጣ ብሎ ያለው የዳሪሙ ወረዳ ገበሬ ልጅ ናት፤ ለትምህርት መቱ መጥታ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። የእናቷ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛዋ ይሰባበርባት ስለነበር መምህር ሲጠይቃት አንገቷን ትደፋለች። አፏን የፈታላት መጽሐፍ ነው።

በዚያን ጊዜ አንድ ተከታታይ ልብ ወለድ እየተከራየን እናነብ ነበር፤ ቀጣዩ ቅጽ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ እንቅልፍ አልነበረንም። ባለታሪኳን ሁለት ወንዶች ይወዷታል። አንዱ የሰፈሯ አናጢ ነው። ሌላው ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው፣ ጭጋግ ሲወርድ ብቻ የሚመጣ ሰው። ጓደኛዬ ጮክ ብላ ታነባለች፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲበረታ እሷም ድምጿን ከፍ ታደርጋለች።

እኔ ለጭጋጉ ሰው እሟገታለሁ፣ እሷ ለአናጢው።

«የሞተ ሰው አብሮሽ አያረጅም» ትለኛለች። «ምን ያደርግላታል?»

ኖፓ በምትባል ሌላ ወረዳ የሚያስተምረው ታላቅ ወንድሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲመጣ በራፉን ተደግፎ ያዳምጠንና፣ «እናንተ ዝም ብላችሁ ትድሯታላችሁ። እስቲ መጀመሪያ እሷን ጠይቋት!» ብሎ ይስቃል።

ባለታሪኳ በመጀመሪያው ቅጽ ጥላ ባየች ቁጥር ራሷን የምትስት ልጅ ነበረች። በሦስተኛው ግን ጫካውን ብቻዋን አቋርጣ ሁለቱንም «ጠብቁኝ፣ ገና ራሴን አላወቅኩም» አለቻቸው። ጓደኛዬ ያን ገጽ ደጋግማ አነበበችው። በዚያው ክረምት የዳሪሙ ጤና ጣቢያ ነርስ ወደ አባቷ ሽማግሌ ላከ። ያቺ አንገቷን የምትደፋ ልጅ አባቷ ፊት ቆማ፣ «ትምህርቴን ሳልጨርስ አላገባም። ደግሞም የምወደው ሰው አለኝ» አለች። የምትወደው ወንድሜን ነበር። ነርሱ ደህና ሰው ነውና አልተቀየማትም።

ትምህርቷን ጨርሳ የእሷና የወንድሜ ሠርግ ወሬ ሲነሳ፣ እሱ ከኖፓ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ጭቃው ላይ ተገለበጠ። ቤት የመጣልን ሬሳው ነው።

እሷ ጥቁር ለበሰች። ሚስት ሳትሆን እንደ ሚስት ሐዘን ተቀመጠች። መቱ ሥራ ከያዘች በኋላም ከእኛ ግቢ አልወጣችም። ቅዳሜ ከሰዓት በር ሲንኳኳ ከሁላችንም ቀድማ ትነሳለች፤ ከዚያ ትዝ ሲላት ቀስ ብላ ትቀመጣለች። የመጨረሻው ቅጽ መጣ ብለው ሰዎች ሲያወሩ፣ ሁለታችንም ባለታሪኳ ማንን መረጠች ብለን አልጠየቅንም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ነርሱ ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ መጣ። እናቴ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ደፍሬ እንደሆነ ይቅር ይበሉኝ። እሷ ጠብቀኝ አላለችኝም። እኔ ነኝ የጠበቅኩት።»

እናቴ ቡና ቀዳችለት። በኋላ፣ «እኔን ምን ትጠይቀኛለህ ልጄ? እሷን ጠይቃት» አለችው።

ጓደኛዬ እጄን ይዛ ወደ ክፍሏ ወሰደችኝ። «ማለን ጎዳ? ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ሲያናግረኝ ደስ ይለኛል። ደስ ሲለኝ ደግሞ ወንድምሽ ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኛል።»

እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ «አታግቢ» ይል ነበር። እሷ ጥቁሯን ለብሳ ግቢያችን ውስጥ ስትወጣ ስትገባ ወንድሜ ጨርሶ የሄደ አይመስለኝም ነበር። ፊቷን አየሁት። ገና ልጅ ናት።

«አግቢው» አልኳት።

አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «አንቺ ስላልሽ አይደለም፤ እኔም ፈልጌ ነው» አለች። «ግን ካንቺ አፍ ካልሰማሁ መሄድ አልችልም ነበር።»

ሠርጉ አባቷ ቤት ነበርና ወንድሞቿ መኪና ይዘው ሊወስዷት መጡ። እናቴ ጥቁሩን ቀሚስ ራሷ አወለቀችላትና ነጭ አለበሰቻት። ልጅቷ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ቀና አደረገቻት። «ውለጂ፣ ክበጂ» አለቻት። «የሞተ አይቀየምም።» ጓደኛዬ እስከዚያ ቀን እትዬ እያለች ነበር የምትጠራት። ያን ዕለት በእናቷ ቋንቋ «አዮ» አለቻት፤ እማዬ ማለቷ ነው።

መኪናው ወደ ዳሪሙ መንገድ ታጠፈ። በቀብሩ ቀን ልጅቷን ስታባብል በቅጡ ሳታለቅስ የቀረችው እናቴ፣ የሞተሩ ድምፅ እስኪጠፋ በሩ ላይ ቆማ ቆየች። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ልጄን! ልጄን!» እያለች አለቀሰች። ለየትኛው ልጇ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አጠገቧ ቆሜ አብሬያት አለቀስኩ።