ጋሽ ሚሊሜትርና የግራ እጅጌው

ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ከሰፈሩ ሰው የሚያስታውሰው የለም፤ ልብስ ሰፊው ለሁሉም «ጋሽ ሚሊሜትር» ናቸው። ኮት ሊያሰፋ የመጣን ሰው ትከሻውን ለክተው ሲያበቁ በመዳፋቸው ዳበስ ያደርጉና፣ «ግራህ ከቀኝህ በሦስት ሚሊሜትር ዝቅ ብሏል፤ ቦርሳህን በየትኛው እጅ ነው የምትይዘው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሰውየው የማይረባ ጥያቄ መስሎት ይስቃል። ኮቱን ለብሶ በመስታወት ፊት የቆመ ዕለት ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ይለወጣል።

ባለቤታቸው ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው ገበር ይነድፋሉ፣ የቁልፍ ቀዳዳ ይጠልፋሉ። ሁለቱ ባልና ሚስት የተጣሉትም የታረቁትም በዚያ ጠረጴዛ ዳር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጋሽ ሚሊሜትር እግር ወለሉ ላይ እንደ ተሰፋ ሁሉ አልነሳ አለ። ያስቀመጡትን ይረሳሉ፤ ሽንታቸውም አላደርስ ይላቸዋል። ዘመድ አዝማዱ «እርጅና ነው» ብሎ ፈረደ። ወይዘሮዋ ግን ፍርዱን አልተቀበሉም፤ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ነገሩም አንጎል ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ከጭንቅላት ተነሥቶ በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር እስከ ሆድ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አስገቡላቸው፤ ከቀኝ ጆሯቸው ኋላም የውኃውን ፍሰት የሚመጥን፣ ከኮት ቁልፍ እምብዛም የማይበልጥ ቫልቭ ተከሉ። ቫልቩ ቆዳ ሳይቀደድ ከውጭ በማግኔት መሣሪያ ይጠብቃል፣ ይላላል። ጋሽ ሚሊሜትር በእግራቸው ወደ ሱቃቸው ሲመለሱ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ሥራቸው ግሩም ነው፤ ስፌታቸው ግን ሸካራ ነው።»

ሐኪሞቹ ማግኔት ወደ ጆሯቸው እንዳያስጠጉ አጥብቀው አስጠንቅቀዋቸው ነበር። ወይዘሮዋም ማግኔት አለበት ብለው የራዲዮኑን ድምፅ ማጉያ በዚያው ሳምንት ወደ ጓዳ አባረሩት።

ወይዘሮዋን የሚያስጨንቃቸው ሌላ ነገር ነበር። ባላቸው ሲሠሩ ስፒሎቹን በከንፈራቸው ነክሰው ነው የሚይዙት። «አንተ ሰው፣ አንድ ቀን ስታስነጥስ ትውጠዋለህ» እያሉ ስንት ዘመን ለምነዋል። በመጨረሻም ከክርና ቁልፍ ሻጩ ዘንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ስፒል መልቀሚያ ገዝተው ሰጧቸው። ጋሽ ሚሊሜትር ስጦታውን ወደዱት። ጠመኔ በቀኝ ጆሯቸው ላይ መሰካት የቆየ ልማዳቸው ነውና፣ መልቀሚያውንም እዚያው በቆባቸው ጠርዝ ውስጥ ሸጎጡት፤ ስፒሎቹም እጃቸው በሚደርስበት እላዩ ላይ ተሰልፈው ይጠብቋቸው ጀመር። ወይዘሮዋ ባዩት ቁጥር ደስ ይላቸው ነበር። የባላቸው ከንፈር ከስፒል ነጻ ወጣ።

ወራት አለፉ፤ የጋሽ ሚሊሜትር እግርም እንደገና ይጎተት ጀመር። የአንድ ጡረተኛ ዳኛ ኮት ሲደርስ ደግሞ ጉዱ ፈላ፤ ሁለቱም እጅጌዎች የግራ ሆነው ተቆርጠዋል። ዳኛው ጨርቁን አገላብጠው አዩና፣ «ቀኝ እጅ እንደሌለኝ ከዚህ ቀደም የነገረኝ ሰው አልነበረም» አሉ በለሆሳስ። ጋሽ ሚሊሜትር ግን አልሳቁም።

በማግስቱ ልጃቸው መጣች። «እማዬ፣ አባዬ ደክሟል። ስሙ ሳይበላሽ ሱቁን ብንዘጋው አይሻልም?»

«እውነቷን ነው» አሉ ጋሽ ሚሊሜትር። «አርጅቻለሁ።»

«ባለፈውም እርጅና ነው ተብለን ነበር» አሉ ወይዘሮዋ።

«አንቺ ሴት፣ ጭንቅላቴ እኮ ኪስ አይደለም፤ ደግመው ደጋግመው አይከፍቱትም።»

የሚፈሩት ይህን ኖሯል። ወይዘሮዋ ነገሩ ገባቸውና አልተቆጡም፤ እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲያው መቀሱን ስጠኝ። በእውነት አርጅተህ ከሆነ ለልጅህ ልስጣትና ይዛው ትሂድ።»

ጋሽ ሚሊሜትር መቀሱን አነሡት። እጀታው በጣታቸው ልክ ተቦርቡሯል። ወደ ሚስታቸው ሊዘረጉት ሞከሩና መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ቀና ሳይሉ፣ «ጫማዬን አምጪልኝ» አሉ።

ሐኪም ቤት የተቀበለቻቸው ሐኪም የልጃቸው እኩያ ትሆናለች። «አባባ፣ ትኩሳት አለዎት? ያስመልስዎታል? ሆድዎንስ ያምዎታል?» እያለች ጠየቀች፤ የቱቦውን መንገድ ከጆሮ እስከ ሆድ በጣቷ ተከትላ መቅላትና ማበጥ ፈለገች፤ ራጅና የጭንቅላት ምስልም አስነሣቻቸው።

«ቱቦው አልተበጠሰም፣ አልተነቀለም» አለች ምስሎቹን እያየች። «ውኃው ግን ተመልሶ ተጠራቅሟል። ተደፍኖ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። አስቀድሜ ቫልቩ ስንት ላይ እንዳለ ልይ።»

ቀዶ ሕክምና የሚለውን ሲሰሙ ጋሽ ሚሊሜትር ለአክብሮት ያወለቁትን ቆብ አገጫቸው ሥር ጭምድድ አድርገው ያዙ። ሐኪሟ ኮምፓስ የመሰለ መሣሪያ ወደ ጆሯቸው አስጠጋች። ቀስቱ ግን አልረጋ አለ፤ ዞር ብሎ ወደ አገጫቸው አመለከተ።

«አባባ፣ ቆብዎ ውስጥ ምን አለ?»

ወይዘሮዋ ቆቡን ተቀብለው ጠርዙን ገለበጡት። ጥቁሩ መልቀሚያ ስፒሎቹን እንደ ጃርት አቁሞ ብቅ አለ። ወይዘሮዋ የሚያውቁት ማግኔት ራዲዮን ውስጥ ያለውን ነው፤ ስፒል የምትስበው ይህቺ ለእርሳቸው የሥራ ዕቃ ብቻ ነበረች።

«እኔ ነኝ የገዛሁለት» አሉ ወይዘሮዋ።

ሐኪሟ ቆቡን ወደ ውጭ አስወጥታ እንደገና ለካች። ማግኔቱ አዙሮት ቫልቩ እጅግ ጠብቆ ነበር። ሌላ መሣሪያ ከጆሯቸው ኋላ አሳርፋ ወደ ቀድሞው ልኩ መለሰችው። ምላጭም ደምም አልነበረም።

«ለውጡ በአንድ ቀን አይመጣም፤ እየመጡ እናየዋለን» አለቻቸው። «ግን ብርቱ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ትኩሳት ወይም አልነቃ የሚል እንቅልፍ ከመጣ አንድ ሰዓት እንኳ ሳትቆዩ አምጧቸው። እርጅና ነው ብላችሁም አትፍረዱ።»

በመንገድ ላይ ጋሽ ሚሊሜትር የሚስታቸውን ክንድ ያዙና፣ «ፍቅርሽ ብርቱ ነው ስል አላምን ብለሽ ነበር፤ ይኸው ብረት ይስባል» አሏቸው። ወይዘሮዋ እያለቀሱ ሳቁ።

እግራቸው በየሳምንቱ እየቀለለ መጣ። አንድ ጠዋት ጋሽ ሚሊሜትር ግድግዳ ሳይደገፉ ከጠረጴዛው ወደ መስታወቱ ሄደው ተመለሱና፣ የዳኛውን ቀኝ እጅጌ በአዲስ ጨርቅ ቆረጡ። የተረፈውን የግራ እጅጌ ወይዘሮዋ ወሰዱት። ቀደዱት፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቀጠቁበት፣ ማሰሪያ ሰፉለት፤ እጅ ላይ የሚታሰር የስፒል መሰኪያ ትራስ ሆነ።

ጋሽ ሚሊሜትር ትራሷን ተቀብለው በዐይናቸው ለኩ። «ማሰሪያው በሁለት ሚሊሜትር ይሰፋል።»

«ዝም ብለህ እጅህን ዘርጋ» አሉ ወይዘሮዋ።

ዘረጉላቸው።