ለእሳት የተነፋ ጥሩምባ

የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ከሆንኩ ወዲህ ሕዳር የሚታጠንበት ቀን ገና ሳምንት ሲቀረው የነፋሱን አቅጣጫ መከታተል እጀምራለሁ። ሰው ሁሉ በሽታ ይውጣልን ብሎ ቆሻሻውን ደጁ ላይ ከምሮ የሚያቃጥልበት ቀን ነው። የእኛ ሰፈር በአንድ ወገን የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ በሌላ ወገን የገበሬዎቹ ማሳ አለው። ቀድሞ የደረሰው ጤፍ ታጭዶ አውድማ ላይ የሚከመረውም ልክ በዚያው ሰሞን ነው። ይህን ያቀናጀ ሰው ቢኖር አንድ ቀን አግኝቼ ባናግረው ደስ ይለኛል።

ቡድን ስንባል ብዙ አንምሰላችሁ። አጭር ስልጠና ወስደናል፤ አካፋ፣ ባልዲና አንጸባራቂ ሰደርያ ተሰጥቶናል። ሰደርያው እሳት ከተጠጋው ይቀልጣል። መሪያችን ከስልጤ መጥታ እዚህ ሱቅ የከፈተች ሴት ናት፤ ዕቃችንን ከዘይቱና ከሳሙናው ጀርባ የምታስቀምጥልንም እሷው ነች። ስትቆጣ ቆሞ የሚመልስላት ወንድ እስካሁን አላየሁም።

ያን ዓመት የምንፈራለት አንድ የጤፍ ክምር ነበር። አባባ የምላቸው ሽማግሌ ገበሬ ማሳቸው ላይ ለግንባታ ተብሎ ችካል ተተክሎ፣ አዝመራቸውን እስኪያነሡ ድረስ ብቻ ጊዜ ተሰጥቷቸዋል። ከዚያ በኋላ ልጃቸው ቤት ሊገቡ ነው። "ጤፌን አስጭኜ ከገባሁ አባቷ ነኝ፤ ያለዚያ ግን የባሏ ጥገኛ ነኝ" ብለውኛል። ሌላ የሚጭኑት ነገር አልነበራቸውም።

ጠዋት ቤት ለቤት ዞረን አውድማው አጠገብ እሳት እንዳይነድ ለመንን። ገሚሱ እሺ አለ። አንዷ እናት "በሽታውን ልታስቀሩብን ነው እንዴ?" ብለው በሩን ዘጉብን። ሳቅን፤ ግን እኔ ከልቤ አልሳቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ጭሱ ከየደጁ እየተነሣ ጣሪያው ላይ ተኛ፤ የኮንዶሚኒየሙ የላይኛው ፎቅ ከእይታ ጠፋ። እሳት አጥፊ መጀመሪያ የሚያየው ጭስ ነው። ያን ቀን ግን ጭስ የሌለበት ቦታ ስላልነበር የትኛውን ማመን እንዳለብን አናውቅም። አንዴ ወደ አሮጌ ፍራሽ፣ አንዴ ወደ መኪና ጎማ ተጠርተን ሮጥን። የሆነ ቦታ አንድ ነገር እየነደደ እኛ ዓይናችን እያየ እንደማናየው ይሰማኝ ነበር።

ቀድማ ያወቀችው ባለሱቋ ናት። መንገድ መሀል ቆም ብላ አሸተተች። "ይሄ ፌስታል አይደለም፤ ገለባ ነው" አለች። ሮጥን።

የአባባ ክምር ግርጌ በነፋሱ በኩል ቀልቷል፤ እሳቸው ቀድመውን ደርሰው በመንሽ ይጎትታሉ። የነደደ የጤፍ ክምር ላይ ባልዲ ውሃ መድፋት ከንቱ ድካም ነው፤ እሳቱ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ያልተያዘውን ወገን በመንሽ እየጎተቱ መለየት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ብዙ ሰው ያስፈልጋል። ባለሱቋ በቴሌግራም ግሩፓችን "እሳት! አውድማው ጋ!" ብላ ጻፈች። "ሕዳር እየታጠነ ነው እኮ እህቴ" የሚል መልስ መጣላት፤ ሌላውም የሳቅ ምልክት ላከ። ወደ እሳት አደጋ ደወልን፤ መኪናው እየመጣ ነው ተባልን። ለቧንቧ ተቆፍሮ ሳይደፈን የቀረው ቦይ መንገዱን ቆርጦት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

ሰፈሩን በአንድ ጊዜ ከቤት የሚያስወጣ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የእድራችን ጥሩምባ። ነፊው ሽማግሌ ቤት ደረስኩ።

"ጋሼ፣ በፈጠረዎ ይንፉልን!"

"ማን ሞተ?"

"የሞተ የለም፤ የአባባ ክምር እየነደደ ነው።"

ፊታቸው ተለወጠ። "ጥሩምባ ለቀብር ነው ልጄ። የሞተ ሳይኖር ከተነፋ ሞት ይጠራል።"

እንዲህ ያለ ነገር አላምንም እላለሁ ሁልጊዜ። ያን ሰዓት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጀርባዬን በረደኝ። ቢሆንም ለመንኳቸው፤ "አባባ እሳቱ ውስጥ ሊገቡ ነው" አልኳቸው። አማትበው ነፉ።

ሰፈሩ ወጣ። ግን ወንዱ ጋቢውን ለብሶ፣ ሴቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ለለቅሶ እንደሚወጣው ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ባልዲ የያዘ አንድ ሰው የለም። "ማን ነው? ማን ነው?" ይባባላሉ፤ ከኋላ አንዷ እሪ ብላ ማልቀስ ጀምራለች። "የሞተ የለም! ውሃ አምጡ! መንሽ አምጡ!" እያልኩ በመሀላቸው ሮጥኩ። አልቃሿ ቆማ "ታዲያ ለምን ታስለቅሱኛላችሁ?" ብላ ጮኸችብኝ። "ውሃ!" ብያት አለፍኩ።

ገሚሱ ጀሪካን ሊያመጣ ተመለሰ። እነሱ ሲደርሱ ነፋሱ እሳቱን በክምሩ ዙሪያ አዙሮት ነበር። የቡድናችን ልጆች ከሙቀቱ ወደ ኋላ ሲሉ አባባ ግን ብቻቸውን አሁንም በመንሽ ሲጎትቱ ደረስንባቸው፤ ጋቢያቸው ጫፉ ተይዟል። ሁለት ሆነን ጎትተን አወጣናቸው፤ ታገሉን፣ ሰደቡን። መኪናው ከቦዩ ማዶ ቆሞ ነበር። ቀይ መብራቱ ጭሱ ውስጥ ሲዞር ይታየን ነበር፤ የውሃ ጎማው ግን እኛ ጋ አልደረሰም። በእርጥብ ጆንያ እየመታን እሳቱ ወደ ቤቶቹ እንዳይሻገር አደረግን። ከክምሩ ያዳንነው ጤፍ የለም።

ሰዉ ዙሪያውን ቆመ። "እንኳን ሰው አልሞተ" አለ አንዱ፤ ሌሎቹም ተቀባበሉት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ለመመለስ ዞር ማለት ጀመሩ።

አባባ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። እጃቸው ጥላሸት ሆኗል።

"የሞተ የለም እያልክ ስትጮህ የነበርከው አንተ ነህ?"

"አዎ አባባ።"

"ሂዱ ብለህ አትመልሳቸው" አሉኝ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። "ለቅሶ ይቀመጡልኝ።"

ለሰዉ ነገርኩት። መጀመሪያ ጥሩምባ ነፊው፣ ቀጥሎ ባለሱቋ፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ እዚያው አውድማው ላይ ተቀመጠ።